ከሻንጣ የወጣው ጋቢ

ዱባይ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየኔአለም
መካነ ሰላም

እታለም የኔዋ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አረገሽ? ላሚቱንም ደጁንም ለአንቺ ጥዬ መጥቼ ሐሳቤ እዚያው ነው። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ። በስልክ ያላወራሁሽ ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ነው። የልጄ የየትምወርቅ አልጋ ከኔ አልጋ ክንድ አይርቅም፤ ብተነፍስ ትሰማኛለች። ይህን ደብዳቤ ፈርሂያ ታመጣልሻለች። ፈርሂያ የከላላ ልጅ ናት፣ ከየትሜ ጋር አንድ ሆቴል ነው የሚያጸዱት፣ ቅዳሜ ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ ብዬ አስምያታለሁ። አንቺም ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ትምህርቱን ስድስተኛ ላይ ያቆምነው አብረን ነው፣ ጽሕፈቴ አይጠፋሽም።

እንግዲህ የላካችሁኝ የባለቤቴን የዋለን ማረፍ ለልጁ ለየትሜ እንድነግር ነው። ስለሱ ነው የምጽፍልሽ። ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይወጣልኝም።

የትሜ በታኅሣሥ ደውላ ቪዛና ቲኬት ልኬልሻለሁ፣ እዚህ አሁን ክረምት ገብቷል፣ አገሩ ሸጋ የሚሆነው አሁን ነው፣ ነይና ተዝናኚ ስትለኝ አባቷ ከተቀበረ አራት ወሩ ነበር። እሷ በደወለች ቁጥር ከላላ እህቱ ዘንድ ሄዷል፣ ስልኩ ተሰብሯል፣ ኔትወርክ የለም ስንል ከርመናል። የኔትወርኩ እንኳ ግማሹ እውነት ነበር። ጋሼ በላይ ያሉትን አልረሳሁም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጅቱ ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ እንደ ሽርሽር ሂጂና እዚያ ያሉትን ያገር ልጆች ሰብስበሽ በጠዋት አርጂያት አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሻንጣውን ስናዘጋጅ እንደ ሠርግ ቤት ነበር የተሰበሰባችሁት። ጥቁር የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣችሁ፣ ካልሲ ሳይቀር፤ ሸጋዬ ያንን አበባ አበባ ያለበት ቀይ ቀሚሷን አመጣችልኝ። ሹራቤን ሳስገባም ነጥቃ አወጣችው። ጅዳ ሦስት ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ፣ በረሃ ማለት እሳት ነው፣ ሹራብ ተሸክመሽ ብትሄጂ ይስቁብሻል አለችኝ። በሶው ገባ፣ ሽሮው ገባ፣ ድርቆሹ ገባ፣ በርበሬው በሦስት ፌስታል ተቋጥሮ ገባ። የዋለን ጋቢ እኔ ማንም ሳያየኝ ከሥር አጥፌ አስቀምጬው ነበር። አንቺ አገኘሽው። የአባቷን ጋቢ አታጣውም፣ ገና ስታየው ትጮሃለች ብለሽ አወጣሽው። ልክ ነሽ። በሱ ፈንታ ነጠላዬን ለቤተ ክርስቲያን ብለሽ ከላይ አደረግሽልኝ።

የትሜን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አገኘኋት። ከስታለች፣ ግን አምሮባታል። አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ እኔ የሻንጣው እጀታ እንዳይሰበር ነበር የማስበው። ሻሼ ሸርተት ሲል ጠጉሬን አየችው። ምነው ተቆረጥሽው? አለችኝ። ራስ ምታት ነው፣ ሐኪም ነው ያለኝ አልኳት። አመነችኝ። እኔኮ ስዋሽ ድምፄ አይለወጥም፣ ይህን ሳላውቅ ኖሬ።

አገሩን በደንብ አየሁት፣ እግዜር ይስጣት። ቀይ ቀሚሴን ለብሼ ያልቆምኩበት ቦታ የለም። ፎቁ ጫፉ አይታይም፣ ቀና ብዬ አይቼ አንገቴን አመመኝ። ገበያቸው ውስጥ እንደ ግድግዳ የቆመ መስታወት አለ፣ ከኋላው ባሕር ነው፣ በሬ የሚያህል ዓሣ ይዞርበታል። ዓሣው አየኝ፣ አየሁት። ሳቂ እማዬ ትለኛለች፣ እስቃለሁ፣ ፎቶ ታነሳኛለች። በጀልባም ተሻግረናል። ፈርሂያ አብራን ነበረችና፣ ውሃውን እያየሁ ዝም ስል ጊዜ፣ አብሽሪ እትዬ አልታዬ፣ አይሰጥምም አለችኝ። ፈርቼ መስሏት ነው። የሰጡኝን ሁሉ በላሁ። ምን ምን እንደሚል ብትጠይቂኝ ግን አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልነግራት አስቤ ነበር። ሥራ ረፍዶባት ወጣች። በሁለተኛው ጫማዋን ስታስር ሆዷን ባዶ አትሂድ፣ ትብላና አልኩ። በልታም ሄደች። እሑድ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ያገር ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ነበር፣ ጋሼ በላይ እንዳሉት ያለ ነው። ለአንዷ ብቻ በጆሮዋ ብነግራት ይበቃ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ የትሜ እናትሽ እንዴት ደስ ትላለች፣ ምንም ሐሳብ ያላት አትመስል አለቻት። ሳቅሁላት። እንደው ሰው ሌላ ሰው ሲስቅ እንደሚያየው፣ ሳቄን አየሁት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ኮት ልትገዛ ይዛኝ ገባች፣ ለአባቷ። ግራጫ ነው፣ ውስጡ ወፍራም። እኔ ላይ ለካችው። አባዬ ትከሻው ካንቺ ይሰፋል አይደል? አለችኝ። ትንሽ ይሰፋል አልኳት። ቆማ ወደኋላ ሸሸት ብላ አየችኝና ይሁን፣ ይሆነዋል ብላ ገዛችው።

ሰኞ እረፍቷ ስለነበረ ወደ አሸዋው ወሰደችኝ። ከከተማው ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። አሸዋ፣ አሸዋ፣ ሌላ የለም። ግመል ላይ ካልወጣሽ አለችኝ። ግመል ባቲ ገበያ ሞልቶ እዚህ ድረስ መጥቼ አልኳትና ሳቀች። ፀሐይዋ ቀልታ ስትወርድ ያምራል፣ አልዋሽሽም። ደግሞ ፀሐይ ዘቅ ስትል ነፋስ ተነሣ። እታለም፣ ብርድ! ሸጋዬን አግኝቼ ብነግራት። የኛን የቦረናን የደጋ ብርድ የለመድኩት ሴት በበረሃ በዚያች ስስ ቀሚስ ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ጣቶቼን አልሰማቸው አልኩ። የትሜ ሻይ ላምጣልሽ ብላ ሄደች። እኔ ከቦርሳዬ ነጠላዬን አወጣሁና ለበስኩ።

ሁለት ብርጭቆ ይዛ ተመልሳ ፊት ለፊቴ ቆመች። አልሰጠችኝም። አንገቴን ነው የምታየው። እጄን ሰድጄ ስነካ፣ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። ዘቅዝቄ ነው የለበስኩት። አምስት ወር ሙሉ ለሐዘን እንደዚያ ስለብስ እጄ ለምዷል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መስታወት ፊት እየቆምኩ ነበር የማስተካክለው። አሸዋው ላይ መስታወት የለ።

ብርጭቆዎቹን አሸዋው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ እንዳይደፋ ቀስ አድርጋ።

“አባዬ ነው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“መቼ?”

“ነሐሴ ሃያ አንድ። ሦስት ቀን ነው የታመመው። መንገድ ተዘግቶ ደሴ አላደረስነውም።”

“በዚያ ሳምንት ደውዬ ነበር” አለች።

“ደውለሻል።”

“ምን አልሽኝ?”

“ከላላ ሄዷል አልኩሽ።”

ትጮሃለች ያላችሁኝ ጩኸት አልመጣም። አጠገባችን ልጆች አሸዋው ላይ እየተንሸራተቱ ይስቁ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሻዩን ጠጣን፣ ቀዝቅዞ ነበር። መኪናው ውስጥ ሰው ልሰብስብልሽ፣ የሚያጽናናሽ አልኳት። ተይ፣ ነገርሽኝ አይደል አለችኝ። እኔ መች ነገርኳት፣ እታለም? አንድ ቃል ከአፌ አውጥቼ አልነገርኳትም። ጠይቃ ነው የሰማችው።

ማግስቱን ሥራ ገባች። አትቅሪም ወይ ብላት፣ ቀርቼ ምን አደርጋለሁ አለች። ጠዋት ብርድ ነው፣ ያንን ግራጫ ኮት ከከረጢቱ አወጣችና ለበሰችው። እጅጌው ጣቷን ይሸፍናል። ከበሩ ላይ ሆና፣ የአባዬ ጋቢስ? አለችኝ። ከሻንጣ መውጣቱን አልነገርኳትም። አገር ቤት፣ አልጋዬ ላይ ነው አልኳት። እንዳታጥቡት አለችኝና ወጣች። እኔ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚታየው የሌላ ፎቅ መስኮት ነው። አላለቀስኩም። በቀብሩም፣ ታስታውሻለሽ፣ ወጥ ደርሷል ወይ እያልኩ ስዞር ነበር።

ትናንት ማታ ግን ድርቆሹን ፍርፍር ሠራችው፣ አብረን በላን። በርበሬው የቤት ነው አለች። የቤት ነው አልኳት። ከሰማች አንድ ቀን አላለቀሰችም፣ ሁለት ቀን አላለቀሰችም፣ እሷም እንደኔው ልትሆን ነው መሰለኝ፤ ያ ነው የሚከብደኝ። ብትጮህ ይሻላት ነበር፣ እኔም ምናልባት አብሬያት።

ለጋሼ በላይ ልጅቱ በወጉ ተረድታለች፣ ያገር ልጆች አብረዋት ነበሩ በይልኝ። ሐሰቱ በኔ ይሁን። ለሸጋዬ ቀሚሷን አጥቤ እንደማመጣላት፣ በረሃም ብርድ እንዳለው ንገሪያት። ጥር 24 እገባለሁ፤ ሻንጣው ቀሎኛል፣ የአንቺን ጉልበት የሚቀባ መድኃኒት የትሜ ገዝታልሻለች።

አንድ ነገር ብቻ። ቤቱን ስታጸጂ እጅሽ ሥራ ካገኘ እንደማያርፍ አውቃለሁ። ጋቢውን አትንኪው። ሽታው ከላዩ እንዳይሄድ ካልጋው ላይ እንዳለ ተይው። አጥበሽውም ከሆነ፣ እታለም፣ አትንገሪኝ።

የቦሩ ሜዳው ሥላሴ ደጅሽን ይጠብቅልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እኔንም በሰላም ከደጅሽ ያድርሰኝ።

ታናሽሽ
አልታዬ