የጋራዡን ቆጥ ነገር ለጋሼ ነገርኩት

ታሜዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ዘንድሮ ሮቤ ላይ ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ዘግይቶም ነው የሚወጣው። ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ስንዴ ግን አንተ እንደምታውቀው ቆሟል። እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ይይዘኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። ዘንድሮም ሦስተኛ ክፍልን ነው የማስተምረው። ሰናይት አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት፤ በቁመት በልጣኛለች፣ አረማመዷም ያንተ ነው፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። ግቢውን ሳር ወርሶት ነበር፣ ባለፈው ሳምንት አሳጨድኩት። ያቺ ሰማያዊ ፒካፕህ አልተሸጠችም። እኔ ነኝ የምነዳት።

ዛሬ ግን የምጽፍልህ የቤቱን ወሬ ብቻ ልነግርህ አይደለም። በሕይወት ሳለህ «ለጋሼ እንዳትነግሪብኝ» ያልከኝን ነገር ለወንድምህ ነገርኩት። የቆጡን ነገር። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄልህ ነበር። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

በረዶው የፒካፗን የፊት መስታወት የሰነጠቀው ቀን ትዝ ይልሃል? ጋራዥ እያለን መኪናችን ደጅ ነበር የሚያድረው፣ ምክንያቱም ጋራዡ በዕቃ ተሞልቶ ነበር። የእንግዳ ፍራሾች፣ የሰናይት የሕፃን አልጋ፣ ያ ከቡታጅራ ስመጣ ያመጣሁት ቡፌ፣ አራት ትርፍ ጎማ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል ያልከው አሮጌ የብረት በር። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ወደ ላይ አየህና «ጽጌ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ያልተጠቀምንበት ቦታ ቢኖር ከመኪናው በላይ ያለው አየር ነው» አልከኝ። በማግስቱ ከጎባ ከሥራ ስትመለስ ጣውላና ሽቦ ጭነህ መጣህ።

ጎረቤታችን ጀማል ብየዳውን አቁሞ ሊያይህ መጣ። ቆጡን ከጣሪያው የእንጨት ሞራሌ ላይ በሽቦ ስታንጠለጥለው አይቶ «ኦቦ ታምሩ፣ ይሄ ጣሪያ የተሠራው ቆርቆሮ እንዲሸከም ነው። ዕቃ አይችልም» አለህ። አንተ ሳቅክ። ብረታ ብረትና ግንባታ የምታስተምር ሰው፣ ተማሪዎችህ እንጨት ስንት እንደሚሸከም ካንተ የሚማሩ፣ በሰፈር በያጅ ትታረም? እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽህም። ፍራሹን ሰቀልክ፣ ቡፌውን ሰቀልክ፣ ጎማዎቹን ሰቀልክ፣ በመጨረሻ የብረቱን በር ከሁለት ጎረምሶች ጋር አወጣኸው። ጋራዡ ባዶ ሆነ። መኪናዋን አስገብተህ በሩን ስትዘጋ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎህ ነበር።

አንድ ወር አልሞላውም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰናይት ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ከመኪናው ኋላ ሲሚንቶው ላይ ገመድ ትዘላለች። ፀጉሯን ላጥባት ጠራኋት፣ እምቢ አለች። ሁለተኛ ጠራኋት፣ «ሃምሳ ሳልሞላ አልመጣም» አለች። ሄጄ በክንዷ ጎትቼ አወጣኋት፤ እያለቀሰች ነበር የወጣችው። በረንዳው ላይ ሳንደርስ ያ ድምፅ መጣ። ስንዞር ከጋራዡ በር አቧራ እየወጣ ነው። የብረቱ በር በቁሙ ወርዶ ልጄ ስትዘልበት የነበረው ሲሚንቶ ላይ ተተክሏል፣ ቡፌው የመኪናውን ጣሪያ አጉብጦታል።

ከጀማል ቤት በባዶ እግርህ ሮጠህ መጣህ። መጀመሪያ እኛን በዓይንህ ቆጠርክ፤ እኔን፣ እሷን፣ ደግሞ እኔን። ከዚያ ገብተህ ፍርስራሹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጥክ። ስታለቅስ ያየሁህ ያን ቀን ብቻ ነው። እናትህ ሲሞቱ እንኳ አላየሁህም። «የማስተምረው ይህንን ነው ጽጌ» አልከኝ። «ሰው ልጁን እኔ ጋ የሚልከው ይህንን እንዳውቅለት ነው።» ብዙ ቆይተህ ነው ያን ሌላውን ያልከው፦ «ለጋሼ እንዳትነግሪብኝ።»

ምክንያቱን አልጠየቅኩህም፤ አውቀዋለሁ። ጋሽ ለገሰ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ፣ አጋርፋ እርሻ ላይ ቀርቶ አንተን ያስተማረ ታላቅ ወንድምህ ነው። ሰው ባየ ቁጥር «ወንድሜ የነካው ብረት አይጎብጥም» የሚል ነው። እሱ ፊት መውደቅ ለአንተ ከቆጡ መውደቅ ይብስብህ ነበር።

እኔ ግን የማመሰግንህ ከዚያ በኋላ ስላደረግከው ነው፤ በቁምህ ደህና አድርጌ አልነገርኩህም። በማግስቱ ጀማል ቤት ሄደህ በልጆቹ ፊት «አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ተሳሳትኩ፣ አሳየኝ» አልከው። እሱ እንኳ አፍሮ «ኧረ ተው ኦቦ ታምሩ» አለህ። እንደገና ስትሠራው ከጣሪያው ጋር ምንም ጉዳይ እንዳይኖረው አደረግክ። አራት የብረት ቱቦላሬ ቋሚዎች ከመሬት ተነስተው፣ በብሎን ከብሎኬቱ ግድግዳ ጋር ታስረው፣ ጠርዙ ላይ ዕቃ እንዳይንሸራተት የጣውላ ከንፈር። ከዚያ እኔንና ሰናይትን አቁመህ ሕጉን ነገርከን። «ጽጌ፣ አንቺ መሰላል ላይ ቆመሽ በአንድ እጅሽ የማታነሺው ነገር ወደ ላይ አይወጣም፤ ከባድ ነገር መሬት ይቀመጣል» አልክ። መሰላሉንም ለእኔ ቁመት ሠራኸው፣ ደረጃዎቹን አቀራርበህ። ቀይ አፈር የያዘ ጫማህን አውልቀህ እኔን እያስወጣህ እያስወረድክ ስትለካው ደስ እንዳለኝ፣ ሌላ ሴት ባሏ ወርቅ ቢገዛላት እንኳ እንደዚያ ደስ የሚላት አይመስለኝም።

ስትታመም ቶሎ ሆነብን። ያን አልጽፈውም፣ አንተም ነበርክ። ለለቅሶ ከአጋርፋና ከጊኒር ለመጣው ሰው ሁሉ ፍራሽ ከቆጡ ወረደ። ጀማል መሰላሉ ላይ ቆሞ፣ ሰናይት ከታች እየተቀበለች። አሥራ አንድ ፍራሽ ነበር ያስቀመጥከው፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ባለፈው ጥር ጋሽ ለገሰ የእህል ማስቀመጫው ቆርቆሮ እየተቀየረ ስለሆነ አሥራ ሁለት ኩንታል ስንዴ በጭነት መኪና ይዞ መጣ። «እናንተ ጋ ይቆይልኝ» አለ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ከሞትክ ወዲህ እኛን ዘመድ አድርጎ የጠየቀን የመጀመሪያው ነገር ነበር። ጋራዡ ገብቶ ሲሚንቶውን በእጁ ዳሰሰና «ይሄ እርጥበት አለው፣ ስንዴው ይሻግትብኛል። ላይ እንስቀለው» አለ።

«ጋሼ፣ ላይኛው አይችልም» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «ይሄን የሠራው ታምሩ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ዝሆን ቢወጣበት ምን ይሆናል? ነው ወይስ እህሌ ቤትሽን አጠበበው?»

ተሸካሚዎቹ ቆመው ይሰማሉ። ጀማል በአጥሩ በኩል ይሰማል። ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን ወንድም ከደጅ መለሰች የሚባል ወሬ አጋርፋ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ አሁንም አፍራለሁ። ጋሽ ለገሰ ኮቱን አውልቆ በዚያ ዕድሜው መሰላሉን ወጣ፣ ከላይ ሆኖ «አምጡ!» አለ። የመጀመሪያው ኩንታል ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛውን ሲያነሱ ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። ሰናይት አጎቷ እንዳይወድቅ ብላ መሰላሉን ይዛ፣ ከቆጡ ሥር ቆማለች።

አፌ ራሱ ተናገረ። «ሰናይት፣ ውጪ ከዚያ! ጋሼ፣ ይውረዱ። ይህ ቆጥ አንድ ጊዜ ወድቋል።»

ጋሽ ለገሰ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔን አልጠየቀኝም፤ በአጥሩ በኩል ጀማልን «እውነት ነው?» አለው በኦሮምኛ። ጀማል ቆቡን አስተካከለ። «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አለ። «የፊተኛው ወድቋል። ይሄኛውን አብረን ነው የሠራነው፣ እሱም ኩንታል አይውጣበት ብሏል። በአላህ፣ ሚስቱ ያለችው ልክ ነው።»

ወንድምህ መሬት ላይ ካለው ጆንያ አንዱ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሁሉንም ነገርኩት፣ ከበረዶው እስከ ሰናይት ገመድ። ሰናይት መውደቁን ብታስታውስም፣ የብረቱ በር የት እንደተተከለ የሰማችው የዚያን ቀን ነው። እየተናገርኩ ሳያት ሲሚንቶውን ትመለከት ነበር፣ የቱ ጋ እንደነበረች የምትፈልግ ይመስል።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?» አለ ጋሼ በመጨረሻ።

«እርስዎን ስለሚያከብር ነዋ። እርስዎ ፊት መውደቅን ፈርቶ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የነገረኝን ነገር አንተ ሰምተኸው አታውቅም፣ ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍልህ። ትምህርቱን ትቶ እርሻ በገባበት የመጀመሪያው ዓመት፣ አባታችሁ አይሆንም እያሉት፣ በቀጭን አጠና ከመሬት ከፍ አድርጎ ጎተራ ሠርቶ ነበር። አንድ ማለዳ ተገልብጦ አገኙት፣ ዝናብ የዓመቱን እህል አበሰበሰው። አንተ ገና ጡት አልጣልክም ነበር። ያን ዓመት ከጎረቤት እየተሰጣችሁ ነው ያደጋችሁት። «እሱም ስለ እኔ ይህንን እንዳይሰማ እናታችንን አስምዬያት ነበር» አለኝ። «እሷም ቃሏን ጠብቃ ሞተች። ያ ረቢ! ሁለታችን እየተደባበቅን ኖርን።» እንባው እየወረደ ይስቅ ነበር። ጀማልም ሳቀ፣ ተሸካሚዎቹም ምኑም ሳይገባቸው ሳቁ፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ወንድምህ ተነስቶ ሁለቱን ኩንታሎች አስወረደ። ከጀማል ግቢ ትርፍራፊ ጣውላ ለምኖ መሬቱ ላይ ረበረበ፣ ጆንያዎቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቆ ደረደራቸው፣ አየር እንዲያልፍ። ስንዴው ሦስት ወር ተቀምጦ አንድም ፍሬ አልሻገተም። ፒካፗ በሸራ ተሸፍና ደጅ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሮቤ በመጣ ቁጥር ሳይገባ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ ስለ ልጅነትህ ያወራናል። ወደ አጋርፋም እኛን ለበዓል ወስዶናል። ወንድምህ ድሮ ያከብረኝ ነበር፤ አሁን ግን እህቱ ነኝ።

ቃሌን ማፍረሴ ይኸው ነው። ይቅርታ ልጠይቅህ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ እስክጽፈው ድረስ ግን ይቅርታው ወደ ምስጋና ተለወጠብኝ። ተሳስተህ ተደብቀህ ቢሆን፣ ወይም በንዴት ያንኑ እንደገና በሽቦ አንጠልጥለኸው ቢሆን፣ ስንዴው በተሰቀለበት ቀን ጋራዡ ውስጥ ልጃችን ላይ ምን ይደርስ እንደነበር አስባለሁ። አንተ መሬት ላይ ተቀምጠህ አልቅሰህ፣ ተነስተህ ጎረቤት ሄደህ ተማርክ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ታሜ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጋሽ ለገሰ የሄደ ዕለት ሰናይት ወጥ ቤት ተከትላኝ መጥታ «አባዬ እውነት አለቀሰ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ስለ እሱ ሁሉም ሰው የሚነግረኝ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው» አለች። «ሰውየውን ልረሳው ነው።» ልክ ናት። ለቅሶ ላይ አንተን አሞግሰን አሞግሰን የማናውቀው ሰው አድርገንህ ነበር። ስለዚህ አሁን እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ አንድ ነገር እነግራታለሁ፤ ያሳቀኝን፣ ያናደደኝን፣ የተጣላንበትን። ባለፈው እሁድ መኪና ስታስተምረኝ ጮኸህብኝ በእግሬ ከጎባ መንገድ ግማሽ እንደተመለስኩ፣ አንተም ከኋላዬ በአንደኛ ማርሽ እየተከተልክ በመስኮት ይቅርታ ስትለኝ እንደነበር ነገርኳት። ወንበሯ ላይ እስክትደፋ ሳቀች።

እንዲህ አድርጌ ነው የማስታውስህ፣ ቃሌ ነው፤ ይህኛውን አላፈርሰውም። እሁዶቹ እኔ ላይ ያልቁ ይሆናል እንጂ ያንተ ወሬ አያልቅብኝም።

ጽጌህ