የቀኝ እጅ ጉርሻ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 1980 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን ንገሪኝ። ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ? ሱቁስ እንዴት ነው? የሞያሌ ሙቀትስ ዘንድሮ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ቤት ሁሉም ሰላም ነው ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት መቼ ችዬ አውቃለሁ። ደህና አይደለሁም፣ እትዬ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ከቦታው ይነሳል። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢዘበራረቅ አትሳቂብኝ።

ኢዶሳዬ እጁን መሰበሩን በሰው ልኬልሽ ነበር። ኳስ ነው ያመጣብን። አብነት አካባቢ ሲጫወቱ በረኛ ሆኖ፣ ኳስ ለመያዝ ሲወረወር በቀኝ ክንዱ ላይ ወደቀ። እማዬ ወለምታ ነው፣ አትደንግጪ እያለ ገባ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ወጌሻችን አቶ ሚደቅሳ መጥተው ከትከሻው ጀምረው በጣታቸው እየዳበሱ ወረዱ። ትከሻው ተቀጠቀጠ እንጂ አልወለቀም፣ ክርኑም ቦታው ላይ ነው፣ ክንዱ ግን ተሰብሯል አሉኝ። ሲያቃኑት የጮኸው እሱ ይሁን እኔ አላስታውስም። በቀርከሃ ስንጥር አስረውት ሄዱ።

ማሰሪያው ሊፈታ ሲቃረብ ነው ጉዱ የመጣው። ቀበሌው የሰፈሩን ጎረምሶች ለብሔራዊ ውትድርና ጠራ። ኢዶሳም ሄደ። መልማዩ የታሰረውን እጅ አይቶ፣ ይሄ ጠመንጃውን በጥርሱ ሊይዘው ነው? ሲድን አምጡት ብሎ መለሰው። ልጄ ስለተሰበረልኝ አምላኬን ሳመሰግን ራሴን ታዘብኩት።

ከዚያ ወዲህ የኖርኩትን ኑሮ ልንገርሽ። አቶ ሚደቅሳ አጥንቱ ገጥሟል ብለው ቀርከሃውን ፈቱ፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ከግቢ ሲወጡ መልሼ አሰርኩት። ክርን ካልታጠፈና ካልተዘረጋ ይደርቃል፣ ዕድሜ ልኩን እንደታጠፈ ይቀራል ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ በር ዘግቼ እፈታዋለሁ፣ በለብ ያለ ውሃ አጥቤ በቅቤ አሸዋለሁ፣ ቀስ እያልኩ እዘረጋዋለሁ። ኮቴ ስሰማ እጠቀልለዋለሁ። ይሄው ክንዱ ከግራው ቀጥኗል። ባስረው እጁን ላጣ ነው፣ ብፈታው ልጁን። የትኛውን ልፍራ? እሱ ደግሞ፣ እማዬ እንደ ቆጮ ጠቀለልሽኝ እኮ እያለ ይስቅብኛል።

የአቶ ሚደቅሳን ልማድ አንቺ አታውቂውም። ያከሙት እጅ ሲድን፣ ባለቤቱ በዚያው በዳነው እጁ ያጎርሳቸዋል። ያን ሳይጎርሱ ምስጋና አይቀበሉም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የልደታ ለት ግቢያችን ውስጥ ንፍሮ አቅርበን ተቀምጠን ነበር፤ እኔ፣ ኢዶሳና ጎረቤቴ ማናለብሽ። ማናለብሽ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ሰላምታዋ እንኳን ያስፈራኛል፣ ግን በበዓል ቀን ጎረቤት አይገፋም። አቶ ሚደቅሳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቅ አሉ። መልሼ ማሰሬን አልነገርኳቸውም ነበር፤ ባያውቁ ለሳቸውም ይሻላል ብዬ። የታሰረውን እጅ ሲያዩ ግራ ገባቸው መሰለኝ፣ ታዲያ የኔ ጉርሻ የት ሄደ ብለው እየሳቁ አፋቸውን ከፈቱ።

ልጄን እንዴት እንዳሳደግኩት ታውቂያለሽ። ሽማግሌ አፉን ከፍቶ እየጠበቀው፣ በግራ እጅ ማጉረስ ደግሞ ነውር ሆኖበት፣ ምንም ሳያስብ ቀኝ እጁን ከአንገቱ ማንጠልጠያ አወጣ። ከንፍሮው ዘገን አድርጎ ክንዱን ዘረጋና አጎረሳቸው። ቀጥ ብሎ ነው የተዘረጋው፣ እትዬ! እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ማናለብሽን አየኋት። ክንዱን እያየች ነው። ንፍሮዋን ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እህል በአፌ አልዞረም። ሰኞ ቀበሌው ጠራኝ። የልጅሽ እጅ ምን ላይ ደረሰ አሉኝ። ማናለብሽም እዚያው ነበረችና ተነሳች። የልደታ ለት አብሬያቸው ነበርኩ አለች። አንድ ጉርሻ ማንሳት ሲያቅተው በዓይኔ አይቻለሁ፣ አጥንቱ ተጣሞ ነው የገጠመው፣ ቦረና ያለ ወጌሻ እንደገና ካላቃናው ለአብዮቱም ለእናቱም አይሆንም አለች። የይለፍ ወረቀት ይጻፍለት ያለችውም እሷው ናት።

ውጭ ስንወጣ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ፍሰሐዬ ከሄደ ወዲህ የሚያጎርሰኝ የለም፣ ያለችኝ ይሄን ብቻ ነው። ፍሰሐ ልጇ ነው። ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ስፈራት መኖሬ አሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ለምን በፖስታ እንዳልመጣ ገብቶሻል። ልጁ እናቴ ማሰሪያውን ራስሽ ፍቺው ብላለች ብሎሽ፣ ይሄው ከቀርከሃው ስር አውጥተሽ እያነበብሽ ነው። ጣቶቹ አብጠው ከሆነ ኬላው ላይ እንዳይላላ ብዬ ያጠበቅኩት እኔ ነኝና ይቅር በይኝ። ክርኑን አደራ፤ ጠዋት ጠዋት ይታጠፍ፣ ይዘርጋ። ከሞያሌ ወዲያ ያለውን የድንበር መንገድ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለሱ ግን ታክሞ እንደሚመለስ ነው የነገርኩት። አንቺ ንገሪው፤ እኔ ዓይኑን እያየሁ አልቻልኩም።

ከመሄዱ በፊት ከጎንሽ አስቀምጪውና በዚያ እጁ ያጉርስሽ። ያቺ ጉርሻ የኔ ናት።

እመቤቴ ልደታ ማርያም ደጅሽን አትዝጋብሽ፣ የሚሄደውንም የሚቀረውንም በእቅፏ ታድርግልን። ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨምሪው።

አንቺን ብላ የምትኖር
ታናሽ እህትሽ