ባፋቸው የተደፉት የአበባ ማስቀመጫዎች

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት ያዘለው ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ደረትህ እንዴት ነው? ሳሉ አሁንም ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል ወይስ ሐኪሙ እንዳለው የባሕሩ አየር አባበለልህ? ባለቤትህስ ጉልበቷን ተሻላት? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከዓይኔ መድከምና ከደረጃው በቀር ደህና ነኝ። ደረጃው በየዓመቱ የሚረዝም ይመስለኛል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ግን «ደረጃውስ ያው ነው፤ እርስዎ ነዎት ያጠሩት» እያለ ይስቅብኛል።

በመጨረሻው ደብዳቤህ «ጋሼ፣ በቃ ተወው፤ ለፈጣሪ ስጠው» ብለኸኝ ነበር። አልተውኩትም፤ ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ እንድትሰማው ፈለግሁ። ደስም ብሎኛል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ደስታ ያምርብሃል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አዎን፣ ያምርብኛል።

ባለጓንቱን ታስታውሰዋለህ ወይ ብዬ ብጠይቅህ መሳለቅ ይሆንብኛል። ወዳጅ መስሎ እብነበረድ የምትቀርጽበት ወርክሾፕህ በገባ ቁጥር አቧራ እንዳይነካው ነጭ ጓንት ስለሚያጠልቅ ስሙን ያወጣችለት ባለቤትህ ናት። ሐኪሙ ከድንጋይ ብናኝ እንድትርቅ አዝዞህ ስትሄድ፣ እኔ ለዓይኔ ሕክምና ሆስፒታል ተኝቼ ስለነበር፣ «ቤቱን እጠብቅልሃለሁ፤ አንተ ጤናህን ብቻ» ብሎ ቁልፉን ከእጅህ የተቀበለ እሱ ነው።

ወርክሾፑን ሲከፍት በላይኛው መደርደሪያ ላይ ባፋቸው የተደፉትን የእብነበረድ ማስቀመጫዎች አገኘ። ደህናዎቹን ከመሄድህ በፊት ሸጠሃቸው ነበርና ከእነሱ በቀር ሌላ አልነበረም። በእኛ ቤት የተደፋ ማስቀመጫ ምን ማለት እንደሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። መሮው ሲያልፍበት ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ቅርጹ ለቀጣዩ ሥራ ናሙና እንዲሆን ብቻ ስንጥቁ በሰምና በእብነበረድ ዱቄት የተደፈነ፣ የመሰበሪያ ቀኑን የሚጠብቅ ማለት ነው። ሰባሪውም የሠራው እጅ ብቻ ነው፤ አባታችን ይህን ሕግ ለማንም አላላላም። አንተም ልትሰብራቸው እያሰብክ ደረትህ ፋታ ነሳህ። ያ ሰው ግን አቧራ እንዳይገባባቸው የተደፉ መሰሉት። «ከሁሉ የሳሳው ለእነዚህ ነው» ብሎ በጥጥ ጠቅልሎ ወሰዳቸው።

ከሆስፒታል ስወጣ የሰማሁት የዘመናዊ እብነበረድ ቅርጾች ኤግዚቢሽን ሊከፍት መሆኑን ነው። ሄጄ አየሁ። ያቺ አንተ ብዙ የደከምክባት፣ ወገቧ የተጠማዘዘው ረጅሟ ማስቀመጫ ጥቁር መቆሚያ ላይ ሆና መብራት ወርዶባታል። አጠገቧ እንደ ተከፈተ መዳፍ የተዘረጋው ሳህን መሰል ማስቀመጫህ አለ። ከሁሉም ግርጌ፣ በመቀመጫቸው ጠርዝ ላይ፣ የራሱን ስም አስቀርጿል። ከመክፈቻው ቀድሞ ለመጣ አንድ ጎብኚ «ለዚህች ኩርባ ስንት እንቅልፍ አጥቻለሁ መሰለህ!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። መክሰስ እችል ነበር። ነገር ግን ጠበቃ ቀጥሮ ዳኛ ፊት መቆም ለእሱ ክብር ነው። እኔ የፈለግሁት በራሱ ጓንት ራሱን እንዲያንቅ ነበር።

እሱም ረዳኝ። የመክፈቻውን ንግግር እንዳደርግ ለመነኝ። የደከመ ዓይኑ የወንድሙን ሥራ አይለይም፤ ከዚያ ቤት የወጣ ሽማግሌ ካመሰገነኝ ማን ይጠረጥረኛል ብሎ ይሆናል። «ጋሽዬ፣ እንደ እርስዎ ያለ የብዕር ሰው ይመርቅልኝ» አለኝ። «በደስታ» አልኩት። እውነቴን ነበር።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ በሰብሳቢዎች ተሞላ። በሹክሹክታ የሚያወሩ፣ ሦስት ጊዜ ዞረው አንዴ የማይነኩ ሰዎች ናቸው። ረጅሟን ማስቀመጫ ሊገዙ የመረጡት ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ባለጓንቱን በሰው ሁሉ ፊት ጠየቅሁት፤ ይህችን ከጥርቡ እስከ ማለስለሱ የሠራት ማን ነው? «እኔው ነኝ፣ በዚሁ እጄ» አለና እጁን አነሳ። ጓንቱን ግን አላወለቀም።

ያን ጊዜ፣ የአበባ ማስቀመጫ የሚመረቀው በቃል ሳይሆን በውሃና በአበባ ነው ብዬ፣ ይዤው ከመጣሁት ፔርሙስ የሞቀ ውሃ ውስጧ ማፍሰስ ጀመርኩ። ሰምን ምን እንደሚያላላው የአባታችን ልጅ ሆኜ አይጠፋኝም። ባለጓንቱ «ኧረ ጋሽዬ፣ ይቺ ለመታየት ናት!» ብሎ ተንደረደረ። አሮጊቷ በምርኩዛቸው መንገዱን ዘግተው «ልጄ፣ ውሃ የምትፈራ ማስቀመጫ ምን ልትሆን ነው? ኮፍያ?» አሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ እሱም ከሰው ጋር አብሮ ሳቀ። የመጨረሻው ሳቁ ነበር።

መጀመሪያ ጎኗ ላይ ላብ የመሰለ ነገር ታየ። ቀጥሎ ሰሙ ለሰለሰና ወረደ፤ ከከንፈሯ እስከ እግሯ ጥቁር መስመር ተሰመረ፤ ውሃው በጥቁሩ መቆሚያ ላይ ጠብ ጠብ አለ። አሮጊቷ «የገዛ ሥራህ ከሆነ፣ የደፈንከው ስንጥቅ እንዴት ጠፋህ?» ቢሉት፣ ተደናግጦ «እኔ አልሰነጠቅኩትም! ሲመጣም እንዲህ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ከየት ሲመጣ?» አሉት። ወንድሜ፣ በሕይወቴ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ከዚያች አጭር ጥያቄ የሚስተካከል ዓረፍተ ነገር ግን አልጻፍኩም።

ከዚያ በኋላ ንግግሬን አደረግሁ። ስምህን ከነአባትህ ነገርኳቸው፤ የተደፋ ምን ማለት እንደሆነም አስረዳኋቸው። ስህተቱን ለይቶ የሚደፋ እጅ የሠራው ደህና ሥራ ይታመናል ብለው አሮጊቷ ቀድሞ የሸጥካቸውን እያፈላለጉ ነው። ከእሱ የገዙት ግን ሁሉም መለሱለት።

ባለፈው ሳምንት ደረጃዬን ወጥቶ መጣ፤ ጓንቱን አውልቆ ነበር። እጆቹ እንዲያ ትንንሽ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። የወርክሾፑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ልስበራቸውና ይለቅልኝ፤ ስሜ አለባቸው» ብሎ አለቀሰ። አልፈቀድኩለትም። ሰባሪው የሠራው ብቻ ነው አልኩት። ማስቀመጫዎቹን ራሱ ተሸክሞ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እንዲመልሳቸው፣ እንደ ነበሩም ባፋቸው እንዲደፋቸው አደረግሁ። ሲደፉ መቀመጫቸው ወደ ላይ ነው፤ አሁን በበሩ ያለፈ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው የእሱን ስም ነው። በሩንም ቀን ቀን ክፍት አድርጌዋለሁ። ይቅርታ ጠይቆኛል። ይቅርታው የአንተ ነው፤ እኔ ግን እንድትሰጠው አልመክርህም።

ሐኪምህን ለአንድ ቀን አስፈቅደህ፣ አፍንጫህን ሸፍነህ ና። የመዶሻህን እጀታ ዘይት ቀብቼ አስቀምጫለሁ። ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ግቢ ውስጥ ትሰብራቸዋለህ። እሱንም ለዚያው ቀን ቀጥሬዋለሁ፤ ስብርባሪውን የሚለቅመው እሱ ነው፣ ያለ ጓንት።

ለባለቤትህ፣ ያ ስም ልክ እንደነበረ ንገርልኝ፤ ጉልበቷንም እግዜር ይማርላት። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለአማትህ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንተን ግን በወረቀት አልስምህም፤ ስትመጣ እስምሃለሁ።

ታላቅ ወንድምህ

ከወርክሾፕህ ደጃፍ፣ ከተከፈተው በር አጠገብ
ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ እንዳባራ