ስንት ምሳ ዕቃ ተመለሰ?

ኖቬምበር 3
ዳገቱን ወጥቼ ወረድኩ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አርባ አንድ አዛውንት ምግብ አደረስኩ። ጉልበቴ አለቀ... በዚች በቡሳን ከተማ ደረጃ የሌለው ሰፈር የለም እንዴ?

አዲስ ቅጽ መጥቷል። ኃላፊያችን ወይዘሮ ሜንግ፣ «ማድረስ ብቻ አይበቃም። መብላታቸውን በምን እናውቃለን? የተመለሰ ምሳ ዕቃ ቁጠሪ» አሉኝ። ሆድ በምሳ ዕቃ ይለካል? ቅጹን ይዤ ወጣሁ።

ኖቬምበር 7
ከአርባ አንዱ የተመለሰው ዘጠኝ። ከዳገቱ በታች፣ ሌላ ሰው የሚያደርስላቸው ፎቅ ቤቶች ግን ሁሉንም መልሰዋል።
«ዳገቱ ላይ ያሉት ምግቡን አይፈልጉትም ማለት ነው። በዚህ ከቀጠለ የምግቡን ወጪ የሚሸፍኑት ለጋሾች ዳገቱን ይተዉታል» አሉ ወይዘሮ ሜንግ።


ኖቬምበር 10
ዳገቱ ላይ ከሚኖሩት አንዷን፣ እማማ ማልሱንን፣ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቁምሳጥኑን ከፈቱ። ስድስት ምሳ ዕቃ፣ ታጥቦ ተደርድሯል።
«ለምን አልመለሱም?»
«አሳዳጊ የበደለሽ! የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? አንድ መንደሪን እንኳ ላስገባበት ብዬ...»
እውነታቸውን ነው። እናቴም ለጎረቤት ባዶ ሳህን መልሳ አታውቅም። እንዴት ረሳሁት? ግን ፈርቻለሁ። «ካልተመለሰ ምግቡ ይቆማል» አልኳቸው። በየበሩ ይህንኑ ተናገርኩ።

ኖቬምበር 12
ምግቡን የማበስለውም እኔው ነኝ፤ ዛሬ ጥቁር ባቄላውን አሳረርኩት። ሐሳቤ ሁሉ ቁጥሩ ላይ... ያው ተላከ።

ኖቬምበር 14
አርባ አንድ! ወይዘሮ ሜንግ አጨበጨቡ። ሲነሱ ሁሉም ይከብዳሉ፤ አንዱም ባዶውን አልመጣም።

ከሰዓት ላጥብ ስል የእማማ ማልሱንን ከፈትኩ። ባቄላ። ያረረ። የእኔው ባቄላ! ባዶውን እንዳይመልሱ፣ የሚያስገቡበት ሲያጡ፣ ምግባቸውን ሳይቀምሱ መልሰውታል። የሌሎቹንም ከፈትኩ። በአሥራ ሁለቱ ውስጥ ያለው የኛው ምግብ ነው።

ያስራብኳቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩ ግን አምሯል... ብናገር ዳገቱ ይዘጋ ይሆን? ዝም ብልስ?

ኖቬምበር 17
ተናገርኩ። ወይዘሮ ሜንግ፣ «ባንቆጥር ይሄንንም አናውቅም ነበር» አሉ። «ታዲያ ምን እንቁጠር?»
«አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ልብላ።»
«አርባ አንድ ቤት? ትፈነጃለሽ!»
በቀን አራት ቤት ተባባልን። እሳቸውም ለለጋሾቹ እውነቱን ጻፉ። መልስ የለም።

ኖቬምበር 21
አሁንም መልስ የለም። በስልኩ ጩኸት ሁሉ እደነግጣለሁ።
እማማ ማልሱን ቤት ተቀመጥኩ። «ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ብዪ እንጂ!» አሉኝ። ሁለቴ ጨለፉ፤ ዓሣውን ለእኔ ሊገፉት ሲሉ መለስኩላቸው። ቅጹ ላይ ከስማቸው ጎን ምልክት አደረግኩ።
ሳምንቱን ሙሉ አሥራ ስድስት ቤት ብቻ። ለጋሾቹ ምን ይሉ ይሆን? እንጃ። እማማ ማልሱን ግን ዛሬ በልተዋል። አይቻለሁ።