የአጥሩ ሥር ነጥቦች

ሰኞ፣ ጁላይ 6፣ 2009

እንዳትስቂብኝ፣ ማስታወሻዬ። ቤዝቦል የወደድኩ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬም እንደ ሁልጊዜው እርሳሴን ቀረጽኩ፣ የቅዳሜውን ጨዋታ ገጽ በንጹሕ ገለበጥኩ።

የውጤት መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። አክስቴ ብርቄ ስፖንሰር አድርጋ ካመጣችኝ ሁለተኛ ሰመሬ ነው። አገር ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን እዚህ ት/ቤት ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር እየቀጠልኩ ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ነው። አምና ልጇ ናሆም ሲጫወት ለማየት ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ያለው ሜዳ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሚ/ር ኦርቪል አዩኝ። ጡረታ የወጡ የስትሪትካር፣ የከተማ ባቡር፣ ሾፌር ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ፣ ምልክቶቹን አሳዩኝ። ማውራት የማይጠይቅ ሥራ። ከዚያ ወዲህ ከቦታዬ አልተነሣሁም።

አጥሩ ላይ ሰሌዳ አለ። በአንድ ሰመር ብዙ ሆም ረን የመታ ሰው ስም ተጽፎበታል። ሆም ረን ማለት ኳሷ አጥር ተሻግራ ስትሄድ ነው፤ መቺው ማንም ሳያሯሩጠው ሜዳውን ዞሮ ይገባል። ስሙ የሚ/ር ኦርቪል ነው። ዐሥራ አራት፣ በወጣትነታቸው። ናሆም ዐሥራ አንድ ደርሷል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 9

ዐሥራ ሁለት።

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ከሚሠራበት መጋዘን ቀጥታ ነው የመጣው፤ ምሳ እንኳ አልበላም። ሁለት ኳስ ዝም ብሎ አሳለፈ። ሦስተኛዋን መታት። ከዛፎቹ በላይ ሄደች። አፌን ከፍቼ አየሁና መጻፍ ረሳሁ።

ቡድኑ ውስጥ ዮናስ የሚባል ሌላ ሐበሻ አለ፣ ቀልደኛ። “እኛ የተሰጠን ሩጫ ነው፤ አንተ መምታት ከየት አመጣኸው?” አለው። ናሆም፣ “መሮጥ ሲሰለቸኝ ነዋ” አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም፣ በእጄ ሸፍኜ።

ሚ/ር ኦርቪል ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። ሄደው ጨበጡት። የገዛ ስማቸውን ሊያወርድባቸው ያለውን ሰው። አይከፋዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ በእንግሊዝኛ፣ ራሴ ጀምሬ። ማንም የማያልፈው ከሆነ ለምን ይጻፋል አሉኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 13

ቤት ውስጥ ጉድ ሆነ። አክስቴ ፍሪጁን ስታጸዳ ከቅቤው ዕቃ ጀርባ ጥቁር ቦርሳ አገኘች። የናሆም። ውስጡ ትንንሽ ብልቃጦችና መርፌዎች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሥራዋ የምትንከባከባቸው አዛውንቶች ኢንሱሊናቸውን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ አወቀች። ያወቀች መሰላት። ልጇን ስኳር በሽታ ይዞታል፣ እንዳትጨነቅ ደብቋታል።

“አየሽ አንጀቱን” አለችኝ እያለቀሰች። “ለእኔ ብሎ እኮ ነው።”

ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገባችኝ። ከዚያ ቶሎ ብላ የፓስተሩን ባለቤት ኮል አደረገች።

ናሆም ከሥራ መጥቶ ሻዩን ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ። ስኳር አልቋል አለችው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሙሉ ከረጢት አለ።

ቅድም ቦርሳውን ስትመልስ የብልቃጡን ጽሑፍ አየሁት። ኢንሱሊን አይልም። ፊደሎቹን ወረቀት ላይ ገለበጥኳቸው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 15

ላይብረሪ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩ። የዕድገት ሆርሞን ነው። ጡንቻ እንዲዳብር፣ ድካም ቶሎ እንዲለቅ ብለው በድብቅ የሚወጉት አሉ ይላል። ስለ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ተጫዋቾችም ብዙ ተጽፏል። ያን ሁሉ ሆም ረን መትተው፣ አሁን ሬከርዳቸው ይቆጠር አይቆጠር እየተባለ። ግማሹ አልገባኝም።

ቤት መጥቼ ያምናውን መዝገብ አወጣሁ። አንድ ልማድ አለኝ፣ ሚ/ር ኦርቪል ያላስተማሩኝ። ኳሷ የወደቀችበት ቦታ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ያምና የናሆም ነጥቦች አጥሩ ሥር ተሰብስበዋል፤ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ይወጣል። ተያዘች። ተያዘች። ተያዘች። የዘንድሮዎቹ ከአጥሩ ማዶ ናቸው፤ ብዙዎቹ በጥቂት እርምጃ ብቻ።

መምታቱን መርፌው አላስተማረውም። አምናም ይመታ ነበር። የሰጠው ያቺን ጥቂት እርምጃ ነው። ግን ደግሞ ዛፎቹን ያለፉት ያለ መርፌም ይሄዱ ነበር። ይመስለኛል። ከየትኛዋ ኳስ ላይ ምን ያህል እንደምቀንስ አላውቅም። ናሆም ራሱ አያውቅም።

እሑድ፣ ጁላይ 19

ቤ/ክ። ፓስተሩ ናሆምን ወደ ፊት ጠሩት። ስለ ጨዋታው መስሎት ፈገግ እያለ ሄደ። እናቶች ከበቡት፣ እጃቸውን ጫኑበት። ፓስተሩ፣ “ጌታ ሆይ፣ ይህን የስኳር በሽታ ከሥሩ ንቀልልን!” አሉ። ጉባኤው አሜን አለ። ናሆም ዓይኑን ገለጠ። ከእጆቹ መሐል እኔን ፈልጎ አየኝ። አቀረቀርኩ። ማወቄን ያኔ አወቀ።

ሲያልቅ ከእናቶቹ አንዷ፣ እትዬ ዘነበች፣ ለስኳር በሽታ ይበጃል ብለው የአብሽ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። “በባዶ ሆድ ነው፣ የኔ ጌታ። ጠብታ እንዳታስተርፍ።” ቆመው ጠበቁት። እዚያው ጨለጠው፣ አመሰገናቸው። እሱ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው አያሳፍርም።

መኪና ውስጥ አክስቴ ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን እጾምልሃለሁ አለችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 21

ሁለተኛው የጾም ቀን። አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ግድግዳ ይዛ ገባች። ቀኑን ሙሉ አዛውንቶቹን ስታነሣ ስታስተኛ ውላ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ። ናሆም ወንበር አቀረበላትና እግሯ ሥር ቁጭ አለ።

ነገራት። በሽተኛ እንዳልሆነ። መርፌው ምን እንደሆነ። ከሰመሩ በፊት እንደጀመረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ተነሣች። ሻይ አፈላች። ሦስት ማንኪያ ሙሉ ስኳር ጨመረችበት።

“ጠጣ።”

“እማዬ...”

“በሽተኛ አይደለሁም አላልክም? ጠጣ።”

ጠጣው። ከዚያ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሲንኩ ውስጥ ደፋቸው። እስኪጨርስ ቆማ አየችው። መጨረሻ ላይ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፣ እንደ ሕፃን።

እኔ አንድ ቃል ለመተንፈስ ሳምንት ሙሉ ፈርቼ፣ እሱ እናቱ ፊት፣ ራሱ። ዛፎቹን ካለፈችው ኳስ ይልቅ ይሄን አደነቅኩ። እውነቴን ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 23

ዐሥራ አራት። እኩል ሆኑ። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። አንድ ከመታ አለፋቸው።

የሜዳው ደንብ እንዲህ ነው። አዲስ ስም ሰሌዳው ላይ የሚወጣው መዝገብ የያዘው ሰውና የድሮው ባለ ስም ገጹ ላይ አብረው ሲፈርሙ ነው። እኔና ሚ/ር ኦርቪል ማለት ነው። እሳቸው ቀለምና ብሩሽ አዘጋጅተዋል። በገዛ እጄ ነው የምጽፈው አሉ፤ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል።

አውቶቡስ ላይ ነጥቦቹን ለናሆም አሳየሁት። ያምናውን፣ የዘንድሮውን። ብዙ አየ።

“ኳሷን የሚያገኛት ዓይኔ ነው፣ ምሕረትዬ። ዓይን ደግሞ መርፌ አይወጋም።”

እውነት ነው አልኩት።

“ደፋሁት አይደል? አይተሻል። ሁለተኛ አልነካውም። የሰፈር ሰሌዳ እኮ ነው። ፈርሚልኝ፣ በቃ።”

ሰፈራችን ክሬሰንት ታውን እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሊፍት ውስጥ ቦርሳዬን ተቀብሎ ያዘልኝ። ተቀይሞኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

አርብ፣ ጁላይ 24

ከሰመር ት/ቤት መልስ ብቻዬን ሜዳ ሄድኩ። ሚ/ር ኦርቪል ለነገ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ። ስለ ትልቁ ሊግ ሰዎች ጠየቅኳቸው፤ ስለነዚያ መርፌ ተወጉ ስለሚባሉት። አልተሳደቡም። ሲመቱ ማየት ደስ ይል ነበር አሉ፣ እንዲያ የሚመታ ሰው ድሮም አልነበረም። ኖራውን አስቀመጡና ትንሽ አሰቡ። ግን ያየሁት ምን እንደነበር አላውቅም አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ስመለከት ኖሬ፣ አሁን ያየሁትን አላውቀውም አሉኝ።

አዘኑ። ብዙ አይደለም፤ ግን አዘኑ። ነገ እሳቸው ብሩሽ ይዘው እኔ አጠገባቸው ቆሜ ልፈርም?

ናሆምን አሁንም አደንቀዋለሁ። የመታቸውን አንዷንም አልሰርዝበትም። ኳሷ ሄዳለች፣ አይቻለሁ፣ ጽፌአለሁ። ፊርማ ግን ሌላ ነው። ከፈረምኩ፣ ያየሁትን አውቀዋለሁ ብያለሁ። አላውቀውም።

ወስኛለሁ። ነገ ናሆምን ቀስቅሼው ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀድመን እንወጣለን። ሁለቱንም መዝገብ እይዛለሁ። አውቶቡስ ላይ እነግረዋለሁ፤ ለእናትህ እንደነገርካት ለእሳቸውም አንተው ንገራቸው ብዬ። እሺ ካለ ከጎኑ እቆማለሁ። ዝም ካለ፣ ሚ/ር ኦርቪል የቀለሙን ክዳን ሳይከፍቱ እኔ እነግራቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ የምለውን መታጠቢያ ቤት ዘግቼ ተለማምጄዋለሁ። አጭር ነው። እስከ መጨረሻው እለዋለሁ።