ሥሩን ያላየሁት እንጉዳይ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2005፣ ገረሴ

በላሁት! ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሽንኩርትና በዘይት ጠብሼ፣ ቃሪያ ጣል አድርጌበት። ሥጋ ሥጋ ይላል ብል በዚህ ጾም ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ግን ይላል።

ለአከራዬ ለእማማ ባሎቴም በሳህን ወሰድኩላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ጌታ ይባርክህ፣ ቲቸር» አሉኝ። ሴት ብሆንም እሳቸው ዘንድ አምስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ነኝ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። እኔም ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

ደስ ስላለኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሦስተኛው የዝውውር ማመልከቻዬ ውድቅ የሆነ ሰሞን ነው እንጉዳይ የጀመርኩት። እዚህ ተመድቦ መውጫ ያጣ ሰው ወይ ይጠጣል ወይ ያገባል፤ እኔ የጅብ ጥላ ለቀማ ገባሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ስለ እንጉዳይ የማውቀው ጓደኛዬ ከአርባ ምንጭ በላከችልኝ መጽሐፍ ልክ ነው። መጽሐፉ የፈረንጅ አገር ነው፣ ያውም ፎቶ ኮፒ። «ቀዩን ከቡናማው ለይ» ይላል፤ ሥዕሉ ሁሉ ግራጫ ነው።

ደብተሬ ላይ አሥራ አራት ዓይነት መዝግቤአለሁ። ለእያንዳንዱ፦ የበቀለበት፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ሥር፣ ስም፣ ያረጋገጠ ሰው። የመጨረሻው መስመር በአሥራ አራቱም ላይ ባዶ ነው። ማን ያረጋግጥልኛል? ዲሬክተሩ?

የዛሬው ቁጥር 15 ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰው የሚያስታርቁበት ዱቡሻ ጠርዝ ላይ አገኘሁት። አናቱ ሾጠጥ ያለ፣ ግራጫማ፣ ከታች እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደረው ነጭ። የምስጥ እንጉዳይ ነው፣ የሚበላው። ሥሩን ብቻ አላየሁም። ዱቡሻ ላይ አፈር አይቆፈርም፤ ጎሜ ነው፣ መከራ የሚጠራ ነውር። በመጣሁበት ዓመት ተማሪዎቼ ነግረውኛል። ስለዚህ ሳልነቅል በቢላ ቆረጥኳቸው። አገር አከበርኩ ብዬ ኮራሁ።

የአንዱን እንጉዳይ አናት፣ ባርኔጣውን፣ ነጭ ወረቀት ላይ ደፍቼዋለሁ። እስከ ጠዋት ዱቄት የመሰለ ዘሩን ያራግፋል፣ ቀለሙን አያለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ዱቄቱ ነጭ ነው። ወይም ሻይ ጠብ ያለበት ወተት። መስኮት ላይ አየሁት፣ በር ላይ አየሁት፣ ደጅ ይዤው ወጣሁ። መጽሐፉ «የምስጡ ትንሽ ቀላ ይላል፣ እሱን የሚመስለው የገዳዩ እንጉዳይ ነጭ ነው» ይላል። ስንት ትንሽ?

ባርኔጣው አናት ላይ ደግሞ ነጭ ቁራጭ ተለጥፎ አየሁ። ከወረቀቱ ተልጦ ይሁን የራሱ ቆዳ፣ አላወቅሁም። ገዳዩ ከሥሩ ከረጢት አለው፤ የከረጢቱ ቅዳጅ አናቱ ላይ ይቀራል። ከረጢቱ የሚታየው የነቀለው ሰው ብቻ ነው። እኔ ቆርጫለሁ።

ደንቡን አላውቅም እንዳልል፣ ደብተሬ ሽፋን ላይ በትልቁ የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ ሥሩን ሳታዪ አትብዪ!

መጽሐፉ እንዲህ ይላል። ስድስት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ቀን ምንም የለም። ከዚያ ትውከት። ከዚያ የዳኑ ይመስላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጉበት።

ይህን እያነበብኩ ቀና ስል እማማ ባሎቴ ከእንሰታቸው ጀርባ ጎንበስ ብለዋል፣ ጀርባቸው ይወዛወዛል። እየሮጥኩ ሄድኩ። «ምንም አይደል» ብለው ቀሚሳቸውን አራገፉ። አስታውከዋል እንጂ! ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጡና ትክ ብለው አዩኝ፦ «አንተ ደህና አደርክ?»

ደህና ነኝ። ለምን ደህና ሆንኩ? እኔ እኮ የበለጠ ነው የበላሁት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሱ ሰምቶኝ ሲያበቃ «እዚህ መድኃኒት የለንም፣ ወደ አርባ ምንጭ ነው የምንልከው» አለ። ከዚያ በመስኮት ወደ ዝናቡ አየ። መንገዱን ናዳ ከዘጋው ሳምንት ሆኖታል። ኔትወርክም የለም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11

ትውከት የለም፣ በእኔ በኩል። ሆዴን እንደ ሬዲዮ አዳምጣለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ፕሮባቢሊቲ አስተማርኩ። «አንድ ነገር ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም» አልኩ። ልጆቹ የሚጻፍ ነገር መስሏቸው ጻፉት።

እማማ ባሎቴ ዛሬ አራት ጊዜ መጡ። ጠዋት ክብሪት ብለው። ከዚያ ኩርኩፋ፣ የበቆሎ ድቡልቡል ከጎመን ጋር፣ ይዘው፤ እስክጨርስ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ክብሪቱን ሊመልሱ። ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት። በመጡ ቁጥር የዓይናቸውን ነጭ አያለሁ፤ ጉበት ሲታመም ቢጫ ይሆናል። እሳቸውም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ብቻቸውን የሚኖሩ መበለት ናቸው፤ ታመው ሰው ፈልገው ነው እላለሁ። መናገር አለብኝ። አፌን ስከፍት «ቆንጆ ኩርኩፋ ነው» ይወጣል።

ፈሪ ነኝ። ከዚህ ከተማ ልውጣ እያልኩ አምስት ዓመት አለቀስኩ፤ ዛሬ ግን የታሰርኩት በገረሴ አይደለም። ከሰጠኋቸው ሳህን መውጣት አቃተኝ።

ማወቂያው አንድ ነው። ጉቶዎቹ እዚያው ዱቡሻው ላይ አሉ፤ ቆፍሮ ማየት። ከሰዓት ማንኪያ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ብያቸው ማንኪያዬን ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ነገርኳቸው።

ደጃቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ረቡዕ የሰጠሁዎት እንጉዳይ መርዝ ሳይሆን አይቀርም። ሥሩን አላየሁም። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

ጎመኑን አስቀመጡ። ቢሳደቡ፣ ቢያለቅሱ እወድ ነበር። ነጠላቸውን አንሥተው በዝናብ ወጡ። ወዴት እንደሆነ አላውቅም። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሊያስጸልዩ? ወደ ወንድማቸው፣ ሊናዘዙ?

የተቀነጠሰው ጎመን እዚያው ነው። ዶሮዎቹ እንዳይበሉት አስገባሁላቸው። ሌላ ማድረግ የምችለው የለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

አራተኛ ቀን። የዓይኔ ነጭ ነጭ ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ እማማ ባሎቴ የእንሰት ቅጠል ጥቅልል ይዘው ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ፣ መጽሐፉ ላይ ፈቱት። ሁለት ጉቶ። ቢላዬ የቆረጠው ገጽ ይታወቃል። ከሥር ከረጢት የለም፤ እንደ አይጥ ጭራ እየቀጠነ የሚወርድ ሥር፣ ክንዴን የሚያህል፣ ጫፉ ላይ የምስጥ አፈር።

«ምስጥ ቤት ገብቷል» አሉ። «አትሞትም።»

«ዱቡሻው ተቆፈረ?»

«ሽማግሌ ለመንኩ። ቲቸር ሊሞት ነው አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ መረቀና በዱላው ቆፈረ። ሣሩን መልሶ ከደነ።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። «እንኳን እርስዎን አልገደልኩ» አልኩ።

ያን ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም። «እኔ አልበላሁም» አሉ። «ሥሩን ያላየሁትን እኔ አልበላም። እናቴ ነቅሎ፣ አሳይቶ ነው የሚያበላን። አንተ ጠብሰህ አመጣህ። የሰው እጅ መመለስ ነውር ነው፣ ተቀበልኩ። ጠዋት ዶሮ እንዳይነካው እንሰት ሥር ቀበርኩት።»

ማስታወክ አልነበረም። ጉድጓድ መማስ ነበር!

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ። አንተ ግን በልተሃል። ቢሞት ማን ያየዋል፣ እናቱ ሩቅ ነው፤ እያልኩ እመጣለሁ። በቀን አራቴ መጣሁ፤ ክብሪት እኮ ነበረኝ።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ትንሽ አይደለም፣ ብዙ። ለአምስት ዓመት እዚህ ሰው የለኝም ስል ኖሬአለሁ። እማማ ባሎቴ አጠገቤ ተቀምጠው መጽሐፉን ገለጡ፤ አንዱን ግራጫ ሥዕል በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ይሄ መጥፎ ነው» አሉ። ገዳዩ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም።

ገረሴ ሁሉ እየሞትኩ እንደሆነ ሰምቷል ማለት ነው። ነገ ክፍል ስገባ ልጆቹ ምን እንደሚሉ እንጃ። ያ ነጭ ቁራጭም ምን እንደነበር አላወቅሁም፤ ወረቀት ይሆናል። መንገዱ ማክሰኞ ይከፈታል ይላሉ፣ ባለፈው ማክሰኞም ብለው ነበር።

ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆሙ፦ «ሌላ ጊዜ ነቅለህ አምጣ። እበላለሁ።»

ቁጥር 15። ሥር፦ ረጅም፣ ክንድ የሚያህል። ስም፦ የምስጥ እንጉዳይ። ያረጋገጠ ሰው፦ ባሎቴ።