ሳሎን ውስጥ የተሠራች ጀልባ

የልጄ የሮይ ጀልባ አለቀች! ሚዜዬ፣ አለቀች እኮ! ሳሎኔ መሀል ተቀምጣለች፣ ቤቱ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ እኔም ብቻዬን እየሳቅሁ እዞራታለሁ።

ይቅር በይኝ፣ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ሰፈርሽ ኤይን ሀትኽሌት ድረስ መጥቼ ከበርሽ ተመለስኩ፤ ስልኬንም ስለማታነሺ ነው የምጽፈው። አልፈርድብሽም። ልጅሽ ያርደን ሲቀበር፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከጎኑ ያልተለየው ልጄ ለቅሶ አልደረሰሽም። በእኛ አገር ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። እኔ «አሞት ነው» እያልኩ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

እውነቱን ልንገርሽ። አብረው ከዘመቱበት ጦርነት ብቻውን ከተመለሰ ወዲህ ከቤት አልወጣም፤ ከእኔም ጋር አይነጋገርም። አንድ ቀን ጣውላ አስመጣና ሶፋዬን ሚርፔሴት፣ በረንዳው ላይ አውጥቶ ዝናብ አስመታው። ሁለቱ «እንሠራታለን» ሲሉ የኖሩባት ጀልባ ናት። «ዓሣ ሳትበሉ ዓሣ አጥማጅ!» እያልሽ ትስቂባቸው አልነበር?

ጣውላውን በፈላ ውሃ በተነከረ ፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ እያባበለ ያጎብጠዋል። የታችኛዋ ጎረቤቴ ዲክላ «መዶሻችሁ ራሴን አፈረሰው» ብላ ልትጣላ መጥታ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ አብራው ስትፍቅ ዋለች። እኔም «ልጄ፣ ሰው ወደ ባሕር ይወርዳል እንጂ ባሕርን ሦስተኛ ፎቅ ያወጣል?» ስለው ሳቀ። ሚዜዬ፣ ሳቀ!

ትናንት ልሞክራት ብዬ የፊተኛው መቀመጫ ላይ ቁጭ አልኩ። «እማ፣ እዚያ አይደለም» ብሎ አስነሳኝ። የማን ነው ስለው፣ የያርደን እናት ናት የምትቀመጥበት አለኝ። የምነግራት ነገር አለ፣ እሷ ሳትሰማኝ ጀልባዋ ውሃ አትነካም አለ። ምንድን ነው ብዬ ያዝኩት። «ያርደን የሞተበት ጠዋት ተራው የእኔ ነበር» አለኝ።

የእኔው ልጅ በቤቴ ቆሞ ደስ ብሎኛል ብዬ ለአንቺ መጻፌ ያሳፍረኛል። ግን ከአንቺ ሌላ ለማን ልንገር? ስሚው ብቻ። ሰምተሽው ብትመቺው እጅሽን አልይዝም።

አምላክ ልብሽን ያጽናልሽ፣ የያርደንን ነፍስ በገነት ያሳርፍልሽ።

ጀልባዋ በበር አትወጣም፤ በሚርፔሴቱ በኩል በገመድ ነው የምናወርዳት። እዚህ ሰፈራችን ኪርያት ኖርዳው ያለ ዘመድ ሁሉ ሊይዝልን ቃል ገብቷል፣ ዳቦውም ምሳውም በእኔ ነው። አንቺ ሳትደርሺ ግን ገመዱን የሚነካ የለም። የሰግድ በዓል ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት።

ሚዜሽ